ጉለሌ ላይ ሳልዘጋው የቀረ ማይክ

ከጉለሌ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ያገኘኝ ሰው ሁሉ «አዲስ አበባ እንዴት ናት? ተለውጣለች አይደል?» ይለኛል። ስለ መንገዱና ስለ ሕንፃው እንድነግረው ነው። እኔ ግን ያንን ሳምንት ሳስበው አሁንም ባር ባር ይለኛል። እዚያ ሄደው ለማያውቁት፣ ምናልባትም ለማይሄዱት፣ እንደሆነው አድርጌ በየቀኑ ልጻፈው።

ሰኞ

ስሜ የሺ ነው። የምሠራው ከደሴ ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአንዲት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመልእክት ሰዓት የምንለውን ዝግጅት አነብባለሁ። በቅሎ የጠፋበት፣ ዘመድ የሞተበት፣ የሠርግ ቀን የተዛወረበት ሁሉ በእኔ አፍ ነው የሚናገረው። ድምፄን እስከ ቆላው የሚያደርሰው ግን ጋሽ ሰይድ ነው። ቴክኒሺያናችን ነው፤ ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ፣ ከአንቴናው ማማ ሥር በተሠራች አንዲት የብሎኬት ክፍል ውስጥ ማሠራጫውን ሲጠብቅ ፀጉሩ ሸበተ።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደረጄ፣ ጉለሌ ውስጥ ማማ ሳይኖራቸው በኢንተርኔት ብቻ የሚያሠራጩ ወጣቶች ስላሉ አንድ ሳምንት ሄደሽ ተማሪ አሉኝ። ልነሣ ስል ቢሯቸው ጠርተውኝ በሩን ዘጉ። «ይኼ ከተሳካ ማሠራጫውን እዚሁ ቢሮ ቁጭ ብለን በኢንተርኔት እናዝዘዋለን። ተራራው ላይ ሰው አያስፈልገንም። ለጊዜው በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ደጅ ላይ ጋሽ ሰይድ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ጉለሌ ከሆነ ሆቴል ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። «ታላቅ እኅቴ አዲሱ ገበያ ናት። ነግሬያታለሁ፣ ትጠብቅሻለች።»

ምን ልበል? አመሰገንኩት።

ሰኞ አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ተነሣ። ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን በሙቀት አልፈን የደብረ ሲናን ዳገት ስንያያዝ ጆሮዬ ተደፈነ። ደብረ ሲና ላይ እንደ ደንቡ ቆሎ ገዛሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ቦርሳዋን የታቀፈች ሴት ስልኳን ከፊት ለፊቷ አቁማ ቀስ እያለች ታወራለች። ከልጆቿ ጋር ነው ብዬ አልፌያት ነበር። የጣርማ በርን ዋሻ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ወደ እኔ ዘንበል አለችና «ይቅርታ እናቴ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ፤ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እየታዩ ነው» አለችኝ። ስልኩን ባየው ስድስት የማላውቃቸው ሰዎች አፍጥጠዋል። ከደብረ ሲና ጀምሮ ቆሎ ስቆረጥም ሲያዩኝ ነበር ማለት ነው! እኛ ዘንድ ስብሰባ ሲኖር የአዳራሹ በር ይዘጋል፣ ዘበኛ ይቆማል። እዚህ እኔ ትኬት ቆርጬ የሰው ስብሰባ ውስጥ ገብቻለሁ።

ላምበረት መናኸሪያ ወርጄ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ አዲሱ ገበያ ስደርስ ገና ፀሐይ ነበር። የጋሽ ሰይድ እኅት እትዬ ከድጃ ብርድ ልብስና ምንጣፍ የሚሸጡባት ሱቅ በራፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አንገቴን አቅፈው «ወንድሜ የላካት ቤቷ ገባች ማለት ነው» አሉኝ። ለእራት ሽሮና ጎመን ቀረበ። ሥጋ ወጡ ለቤተሰቡ ነው፤ የእስላም ሥጋ እንደማይሆንልኝ አውቀው የእኔን በሌላ ድስት ሠርተዋል። ሳይጠይቁኝ ነው። ወሎ ያደገ ሰው ይህን ማንም አያስተምረውም። እኔ ግን የሆዴን በሆዴ ይዤ እንጀራቸውን ቆረስኩ።

ማክሰኞ

ጠዋት ዝናብ ጣለ። ስቱዲዮው ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ስለሆነ በእግር ተነሣሁ። መንገዱ መሃል ላይ የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ቀረ። እየተንሻፈፍኩ ወደ ሱቁ ስመለስ እትዬ ከድጃ የራሳቸውን የላስቲክ ጫማ አውልቀው ሰጡኝ። በአዲስ ቀሚስና በላስቲክ ጫማ ዘመናዊ ስቱዲዮ ልገባ ነው ብዬ ተሳቀቅሁ።

ስቱዲዮ የተባለው ተራ የመኖሪያ ቤት ነው። በሩን ባንኳኳ፣ ባንኳኳ የሚከፍት ጠፋ። ኋላ ስልኬ ላይ «ደርሰዋል?» የሚል መልእክት መጣ። «በሩ ላይ ነኝ» ብዬ ስጽፍ ተከፈተ። ውስጥ አራት ወጣቶች ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው ተቀምጠዋል። የከፈተችልኝ ሜሮን የምትባል፣ የሥራው ኃላፊ የሆነች ልጅ ናት። አስተማሪዬም እሷ ነበረች።

«ጫማዬን አትዪ» አልኳት።

«ካሜራው እግር አያይም» ብላ ሳቀች።

ግድግዳው ሁሉ ድምፅ እንዳያስተጋባ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። የአንዱን የጽጌረዳ ሥዕል አውቄዋለሁ፤ ከእትዬ ከድጃ ሱቅ የተገዛ ነው። ማይክ አለ፣ ላፕቶፕ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ያ የእኛ መሣሪያ፣ ያ ሁሉ ሽቦ፣ ያ ቀይ መብራት የታለ? ሜሮን ላፕቶፑ ላይ አንድ ገጽ ከፍታ «ይኸው ነው» አለችኝ። ሊንክ የተላከለት ሰው ሁሉ ካለበት ሆኖ እዚያ ገጽ ውስጥ ይገባል፤ እነሱ ሩም ይሉታል። የዚያን ቀን አቅራቢዋ ከቤቷ፣ እንግዳው ከአዳማ፣ ድምፁን የሚያስተካክለው ከሐዋሳ ነበሩ። ለአድማጭ ግን ሦስቱም አንድ ጠረጴዛ የከበቡ ነው የሚመስለው። ሜሮን የሐዋሳውን ልጅ በአካል አይታው እንደማታውቅ ስትነግረኝ «ስንት ጊዜ አብራችሁ ሠራችሁ?» አልኳት። «ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው» አለች። 

ከዚያ ሁሉ የባሰብኝ ዝምታው ነው። እኛ ቢሮ አራት ሰዓት ላይ ሻይ ሲመጣ ሳቁ እስከ መንገድ ይሰማል። እዚህ ሁለት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው አንዱ ጽፎ ይልካል፣ የሌላው ስልክ ድምፅ ይሰጣል፣ እሱም ጽፎ ይመልሳል። ሜሮንን ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ «ተጣልተው ነው እንዴ?» አልኳት።

«ማን?»

«እነዚህ ሁለቱ።»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ለካ ሁለቱ ሊጋቡ ቀን ቆርጠዋል!

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ተለማመድኩ። ገጹ ላይ ከታች ሁለት ትንንሽ ምልክቶች አሉ፤ አንዱ የካሜራ፣ አንዱ የማይክ። ሲነኩ ቀይ ይሆናሉ፣ ተዘጋ ማለት ነው። ሜሮን «ቀላል ነው፣ በቃ፣ መንካት ብቻ» ትለኛለች። ለእሷ ቀላል ነው። የእኔ ጣት ሃያ ሁለት ዓመት የለመደው ቀጭ የሚል ማብሪያ ነው።

ከሰዓት ሱቅ ስመለስ እትዬ ከድጃ ስልካቸውን በብርድ ልብስ ክምር ላይ አስደግፈው የእኛን ጣቢያ ያዳምጣሉ። የጣቢያው ድምፅ በኢንተርኔትም መውጣት ከጀመረ ወዲህ አንድ ቀን አምልጧቸው አያውቅም። «ሰይዴ ነው ከዚያ ተራራ የሚልክልኝ» አሉ። የሚሰሙት ከተራራው ሳይሆን ከቢሮው ኮምፒውተር የሚወጣውን እንደሆነ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ሐሙስ

ዝግጅቴን ከጉለሌ ሆኜ በቀጥታ የማነብበት ቀን። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እኔ ሜሮን በከፈተችልኝ ገጽ እናገራለሁ። ድምፄ በአንድ በኩል በኢንተርኔት በቀጥታ ይወጣል። በሌላ በኩል ጋሽ ሰይድ ተራራው ላይ ተቀብሎ በማሠራጫው ለከተማውና ለቆላው ይለቅቀዋል።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ጀመርኩ። ሁለት የሐዘን፣ አንድ የጠፋ በሬ፣ የገበያ ቀን ለውጥ። አልተደናቀፍኩም። ከጎን የአድማጮች አስተያየት ይወርዳል፤ ከጅዳ፣ ከቤሩት፣ ከደሴ። እትዬ ከድጃም «ማሻ አላህ የኛ ልጅ» ብለው ጻፉ። ዝግጅቱ አለቀ። ሜሮን አውራ ጣቷን አሳይታኝ ዕቃ ያመጣላት ሰው በር ላይ ስለነበር ወጣች። የመዝጊያውን ሙዚቃ ቢሮ ያለው ባልደረባችን ከድምፄ ሥር ያስገባል፤ እኔ የቀረኝ ማይኬን መዝጋት ብቻ ነበር። ምልክቱን ነካሁ፣ ቀይ ሆነ። ምስሌም ጠፋ። በቃ ተዘጋ አልኩ።

ሊንኩ ለእሳቸውም ተልኮላቸው ኖሮ የአቶ ደረጄ ፊት ላፕቶፑ ላይ ብቅ አለ።

«ጎበዝ! እንከን አልነበረውም» አሉኝ። «እንግዲህ አየሽው፤ ተራራው ላይ ሰው አያስፈልግም ያልኩሽ ለዚህ ነው።»

አለቃ አሞገሰኝና ልቤ አበጠ። «እውነትዎን ነው» አልኩ። «ጋሽ ሰይድ እንደሁ ይኼን አይችለውም። ስልኩን እንኳን በልጁ ነው የሚያስከፍተው። እሱን አስተምራለሁ ማለት ጊዜ ማባከን ነው።» ይህንን እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

«ማን ይንገረው ታዲያ?» አሉ። «አንቺን ይወድሻል፣ አንቺ ብትነግሪው…»

ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ሰይድ ነው። ለማንሣት ፈራሁ፤ ግን አነሣሁት።

«የሺ» አለኝ፤ ድምፁ እንደ ወትሮው ነው። «ማይክሽ ክፍት ነው።»

«የት?»

«አየር ላይ ነሽ። እኔ ገና የአቶ ደረጄን ድምፅ ስሰማ በእኔ በኩል ሙዚቃ አስገብቻለሁ፤ የከተማው ሰው አልሰማም። በኢንተርኔት የሚወጣውን ግን እኔ ልዘጋው አልችልም። አንቺ ዝጊው።»

ስልኩን ዘጋው።  የነካሁት የካሜራውን ነው! አቶ ደረጄ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላሉ። ጣቴ ምልክቱን አላገኘው አለ። ሜሮን በሩን በርግዳ ገባች፤ «ኧረ ዝጊው! ዝጊው!» ብላ ጮኸች፣ ራሷ ዘጋችው። በዚያ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ የተነገረ ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

አስተያየቶቹ እንደ ጎርፍ ይወርዳሉ። «ሰይድ ማነው?» «ምስኪን» «እንዲህ ነው እንዴ የምትነጋገሩት?» «አታፍሪም?» በመካከላቸው እትዬ ከድጃ ከሁለት ደቂቃ በፊት የጻፉት ነበር፦ «ምሳ ደርሷል፣ ነይ።»

ወዲያው አልሄድኩም። ዳገቱን ወደ ላይ ወጣሁ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከባሕር ዛፉ ውስጥ እየወረዱ «እናት፣ አሳልፊን» ሲሉኝ ነው መንገድ መሃል መቆሜ የገባኝ። ሜሮን ተከትላኝ መጥታ ነበር። «እኔም አንድ ጊዜ ከስብሰባ በኋላ ማይኬ ክፍት ሆኖ አልቅሻለሁ፣ ስምንት ሰው ሰምቶኛል» አለችኝ። «አንድም ሰው አልነገረኝም። ኋላ ነው የሰማሁት።»

ሱቁ ስደርስ ገበታው ተዘርግቷል። እትዬ ከድጃ እጄን አስታጠቡኝ። የምስር ወጡን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«እትዬ ከድጃ…»

«ደወልኩለት» አሉ ሳያዩኝ። «‹እንግዳሽ ናት፣ ክፉ ፊት እንዳታሳያት› አለኝ። እንግዲህ እንዳለኝ አድርጌአለሁ። እኔ ግን ወላሂ ተናድጃለሁ። ከእኔ ቤት በልተሽ፣ ከእኔ ቤት አድረሽ!» ድምፃቸው ተሰበረ። ቆይተው እንጀራ ጨመሩልኝና «ብይ» አሉ። «የተናደድኩት እኔ ነኝ፤ ምግቡ ምን አደረገሽ?»

ዓርብ

ያደርኩት እዚያው ነው፤ ሌላ ቤት ልሂድ ስላቸው ተቆጡኝ። ጠዋት አቶ ደረጄ በጣቢያው ሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ረጅም ጽሑፍ ለቀቁ። ‹በትናንትናው ቴክኒካዊ ስሕተት› ብሎ ይጀምራል፤ ‹ምንም የተወሰነ ነገር የለም› ብሎ ያበቃል። ሁሉም አነበበው። ማንም አልመለሰም። አንድ ክፍል ተሰብስበን ቢሆን ቢያንስ የሚያስል፣ ወንበር የሚያንቀሳቅስ፣ ተነሥቶ የሚወጣ ይኖር ነበር። እዚህ ግን ያነበቡት ሰዎች ቁጥር ብቻ ይጨምራል።

ወደ ስድስት ሰዓት ግድም፣ እትዬ ከድጃ ለጁምዓ ሱቁን ዘግተው ከሄዱ በኋላ፣ ግሩፑ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። ከጋሽ ሰይድ ነው። የሌላውን ሁሉ ድምፅ ሲያሠራጭ የኖረው ሰው ራሱ ማይክ ፊት ተናግሮ አያውቅም።

«አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ናችሁ? ሰይድ ነኝ። እኔ መጻፍ ላይ እዘገያለሁ፣ ስለዚህ ልናገር። የሺ ስልኩን በልጁ ነው የሚያስከፍተው ብላለች፤ እውነቷን ነው፣ አሁንም የምትይዝልኝ ልጄ ናት። ጣቢያው ያለ እኔ የሚሠራ ከሆነ ያለ እኔ ይሥራ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በዚያ ክረምት ኔትወርክ አራት ቀን ሲጠፋ ማሠራጫውን ከቢሮ ማን ሊያዝዘው ነበር? ጎርፍ የወሰዳቸውን ሰዎች ስም ቆላ ያሉት ዘመዶቻቸው የሰሙት በምንድነው? የሺ ወረቀቱን ይዛ በዝናብ ተራራውን ወጥታ፣ ከእኔ ክፍል ነው ያነበበችው። ይኼን መልሱልኝና እኔ ነገ እወርዳለሁ።»

ረስቼው ነበር። ያን ቀን ኮቱን አውልቆ ደርቦልኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያ ተራራ ሳስብ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

እትዬ ከድጃ ከሶላት ሲመለሱ አሰማኋቸው። ሁለቴ አስደገሙኝ። «አባታችንን መሰለ» ብቻ አሉ።

ቅዳሜ

ሜሮንን ለምኜ እንደገና ለማንበብ ተቀመጥኩ። አቶ ደረጄን አላስፈቀድኩም። የማይኩን ምልክት ሦስት ጊዜ አየሁና መልእክቶቹን ከማንበቤ በፊት እንዲህ አልኩ፦ «ሐሙስ ዕለት ማይኬ ተዘግቷል ብዬ ስለ ሥራ ባልደረባዬ ስለ ጋሽ ሰይድ ያልሆነ ነገር ተናግሬአለሁ። ይህን ድምፅ ሃያ ሁለት ዓመት ወደ እናንተ ያደረሰው እሱ ነው። በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

አስተያየቱ ተለወጠ። «ጎሽ» «ይቅር በላት» «አስለቀስሽን» ይላል። ቀለል አለኝ። ለጋሽ ሰይድ ደወልኩ፤ አላነሣም።

እሑድ

እትዬ ከድጃ ላምበረት ድረስ ሸኙኝ። የመንገድ ስንቅ አሲዘውኝ፣ ለወንድማቸው ወፍራም ብርድ ልብስ ሰጡኝ። «ተራራው ይበርዳል፤ ቢያስወጡትም ቤቱ ይለብሰዋል።» ከዚያ ጉንጬን ሳሙኝ። «አብሽሪ። ግን እንዲያው በቃ ብለሽ እንዳትተይው፤ ሄደሽ አግኚው።»

በመንገድ ላይ በየወንበሩ ሰው ከስልኩ ጋር ያወራል። እኔ ስልኬን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሰኞ

ጠዋት ቢሮ ሳልገባ በቀጥታ ተራራውን ወጣሁ። ጋሽ ሰይድ የማሠራጫውን ጠቋሚ እያየ ማስታወሻ ይጽፋል። ብርድ ልብሱን ሰጠሁት፤ ዳበሰና አስቀመጠው።

«ቅዳሜ ሰማኸኝ?» አልኩት።

«ሰማሁሽ። ግን አላሳለፍኩትም።»

«ምን?»

«ሙዚቃ አስገባሁ። በኢንተርኔት ወጥቷል፤ በማሠራጫው አልወጣም።»

 በእኔ ቤት ቆላውም ደጋውም የሰማልኝ ይቅርታ ነበር። «ለምን?»

«ሐሙስ እዚህ ያለው ሰው ክፉውን አልሰማም፤ ቅዳሜ ይቅርታውን ቢሰማ ‹ምን ብላው ነው?› ብሎ ሊጠያየቅ ነው። ደግሞ የበደልሽው ሕዝቡን አይደለም።» ብዕሩን አስቀመጠ። «እኔን ነው። ይኸው አለሁ።»

የማላየውን ሰው ሳናግር የኖርኩ ሴት፣ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ለተቀመጠ ሰው ቃል አጣሁ። «አለቃ ፊት ጎበዝ ለመምሰል አዋረድኩህ» አልኩት። «ስሄድም አውቄ ነው የሄድኩት። እኅትህ ቤት የበላሁት አውቄ ነው።»

አላቋረጠኝም። ሁሉንም ነገርኩት፤ የተዘጋውን በር፣ የአቶ ደረጄን ቃል፣ አንድም ሳላስቀር።

አቶ ደረጄ እስከ ዛሬ ተራራውን አልወጡም። ግሩፑ ላይ «ጉዳዩ እንደገና ይታያል» ብለው ጽፈዋል። ጋሽ ሰይድ ውሳኔው በደብዳቤ ይሰጠኝ ብሎ ጠይቋል፤ ደብዳቤው አልመጣም፣ እሱም አልወረደም።

ያን ቀን ተናግሬ ስጨርስ ማስታወሻውን ዘጋ። ውጭ ነፋሱ ማማው ላይ ያፏጫል።

«አሁን ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ እዋሻለሁ» አለኝ። «ግን ከዚያ ሁሉ ሰው እዚህ ድረስ ወጥቶ የነገረኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።»